ባሩ ሙሉ፣ ድምፁ የለም፦ የአንድ ኮንዶሚኒየም ብሎክ የዋይፋይ ጉዳይ

የሦስተኛ ፎቋ እትዬ ልጃቸው ቤይሩት ናት። ልጅቷ ከሥራ የምትፈታው ማታ ስለሆነ እናትና ልጅ የሚገናኙት ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ በኢሞ ነው። አንድ ቀን እትዬ ደረጃው ላይ አስቆሙኝ። «አንተ ልጅ፣ ሥራህ ኢንተርኔት ነው አሉ። ልጄን አያታለሁ፣ አልሰማትም። አፏ ይንቀሳቀሳል፣ ድምጿ ይቀራል። ከፍዬ ነው እኮ!» ስልካቸውን አውጥተው አሳዩኝ። የዋይፋዩ ምልክት፣ ባሩ፣ እስከ አናቱ ሙሉ ነው።

የምንኖረው ቦሌ አራብሳ ነው፤ በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳር ካሉት ትልልቅ የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች አንዱ። ብሎካችን ጂ ፕላስ ፎር ነው፤ ከምድር ቤቱ ጋር አምስት ወለል፣ በየወለሉ አራት ቤት። በቤትና በቤት መሀል ያለው ብሎኬት ስስ ስለሆነ የጎረቤት ቡና ሲወቀጥ ይሰማል። በወለልና በወለል መሀል ግን ብረት የተሸከመ ኮንክሪት ተኝቷል። የሬዲዮ ሞገድም እንደ ሙቀጫው ድምፅ ብሎኬቱን በቀላሉ ያልፋል፣ ኮንክሪቱ ላይ ይደክማል። ኋላ ያገኘነው መፍትሔ የቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ስለሆነ ነው ከመነሻው የማነሳው።

እትዬ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። መጀመሪያ ለአገልግሎት ሰጪው ደወሉ፤ መስመሩ ጤነኛ ነው ተባሉ። ቀጥለው ወደሚበልጠው ጥቅል ከፍ አሉ፤ ለውጥ የለም። የእህታቸው ልጅ መርካቶ ሄዶ የዋይፋዩን ሞገድ እየደገመ የሚያስተላልፍ ሪፒተር ገዛላቸውና መኝታ ቤት ሰካላቸው። ባሩ ሞላ፣ ድምፁ ባሰበት። በመጨረሻ ዋይፋዩን እያጠፉ በሞባይል ዳታ መደወል ጀመሩ። «በሞባይሉ ስደውል ይሻላል፤ ግን ብሩን ማን ይችለዋል?» አሉኝ። ይህችን ንግግራቸውን ያኔ ሰምቼ አለፍኳት። የጉዳዩ ቁልፍ እሷ ነበረች።

መጀመሪያ ጥፋቱ ከውጭ ነው ወይስ ከቤት የሚለውን መለየት ነበረብኝ። ላፕቶፔን በኬብል ራውተሩ ላይ ሰክቼ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ለካሁ። የከፈሉበት ፍጥነት ሳይጎድል ይገባል። ኬብሉን ነቅዬ በዋይፋይ ራሱን ራውተሩን ፒንግ አደረግኩ። ፒንግ ትንሽ መልእክት ልኮ «አለህ?» ብሎ መጠየቅና መልሱ እስኪመጣ ያለውን ጊዜ መቁጠር ነው። ከራውተሩ ሦስት ሜትር ርቄ ሶፋ ላይ ተቀምጫለሁ፤ መልሱ በሁለትና በሦስት ሚሊ ሰከንድ መምጣት ሲገባው አንዴ በ4፣ አንዴ በ180፣ አንዴ በ600 ይመጣል። ከመቶ ጥያቄ አሥራ አንዱ ጭራሽ መልስ አላገኙም። ይህ ሁሉ መልእክቱ ከሳሎን ሳይወጣ ነው። እስከ ቤይሩት ያለው መንገድ ደህና ሆኖ የተበላሸው ከሶፋው እስከ ቴሌቪዥን ጠረጴዛው ያለው ሦስት ሜትር ነበር።

እኔ የምኖረው አራተኛ ፎቅ ነው። ያንኑ ፈተና በራሴ ቤት ማታና ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ደገምኩት። ማታ እንደ እትዬ ቤት ሆነ፤ ሌሊት መቶውም ጥያቄ ቶሎ ቶሎ ተመለሰ። ራውተሩ ያው፣ ግድግዳው ያው፣ ርቀቱ ያው ነው። የተለወጠው የነቃው ሰው ብዛት ብቻ ነው።

በማግሥቱ ማታ የዋይፋይ መቃኛ አፕ ከፍቼ ደረጃውን ከምድር እስከ አራተኛ ፎቅ ወጣሁት። ሦስተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ ቆሜ ሠላሳ አንድ የዋይፋይ ስም ቆጠርኩ። ቻናል ማለት የዋይፋይ ሞገድ የተከፋፈለበት ባለቁጥር መስመር ነው፤ ከእነሱ ውስጥ አሥራ አራቱ ቻናል 6 ላይ፣ ስምንቱ ቻናል 1 ላይ፣ አራቱ ቻናል 11 ላይ ነበሩ። የቀሩት አምስቱ 3፣ 4፣ 8 እና 9 ላይ ተበታትነዋል። እነዚህን አምስቱን ስመለከት ነው ልቤ ይበልጥ ያዘነው፤ ምክንያቱን እመጣበታለሁ።

አብዛኛው የቤት ዋይፋይ የሚናገርበት የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ከ2400 እስከ 2483.5 ሜጋኸርዝ ያለ ጠባብ መንገድ ነው። ቻናሎቹ በ5 ሜጋኸርዝ ልዩነት ቢቆጠሩም አንድ ዋይፋይ ለሥራው ከ20 እስከ 22 ሜጋኸርዝ ስፋት ይፈልጋል። ስለዚህ ቁጥሩ አሥራ ሦስት ይሁን እንጂ በተለመደው ድልድል ሳይነካኩ ጎን ለጎን የሚቆሙት ሦስት ብቻ ናቸው፦ 1፣ 6 እና 11። ሦስት መንገድ፣ ሠላሳ አንድ ተጓዥ። በአንድ ቻናል ላይ ደግሞ በአንድ ጊዜ መናገር የሚችለው አንድ መሣሪያ ብቻ ነው፤ ሁለት ከተናገሩ ተቀባዩ የማንንም አይሰማም።

ታዲያ ተራውን ማን ይጠብቃል? መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ተራ አስከባሪ አለ፤ በዋይፋይ ሰልፍ ላይ የለም። እያንዳንዱ መሣሪያ ራሱን ነው የሚገዛው። ከመናገሩ በፊት ያዳምጣል። አየሩ ለ28 ማይክሮ ሰከንድ ጸጥ ካለለት ከ0 እስከ 15 ካሉት ቁጥሮች አንዱን ዕጣ ያወጣል፤ ለእያንዳንዱ ቁጥር 9 ማይክሮ ሰከንድ እየቆጠረ ወደ ዜሮ ይወርዳል። በመሀል ሌላ ሰው ከተናገረ ቆጠራውን አቁሞ ይታገሣል፤ ዜሮ ሲደርስ ይናገራል። ተቀባዩ «ደረሰኝ» የሚል አጭር መልስ ካልላከለት መልእክቱ ተጋጭቷል ብሎ ያምንና የዕጣውን ስፋት እጥፍ ያደርገዋል፦ 31፣ 63፣ እያለ እስከ 1023። ሥርዓቱ ትሁት ነው። ሰው ሲበዛ ሁሉም ወደኋላ ይላል። ትሕትናው ራሱ ግን ዋጋ አለው፤ ሁሉም «ይቅደሙ» ሲባባል የሚያልፈው ጊዜ ከሁሉም ላይ ይቆረጣል።

ይህ ጥበብ የተወለደው ውቅያኖስ መሀል ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 በሐዋይ ዩኒቨርሲቲ ኖርማን አብራምሰንና ባልደረቦቹ የደሴቶቹን ኮምፒውተሮች በሬዲዮ ሲያገናኙ አሎሃ በሚባለው መረባቸው ማንም ያሻው ጊዜ ይልክ ነበር፤ ከተጋጨ ቆየት ብሎ ይደግማል። ሳይንሱ እንደሚለው በዚህ መንገድ ከአየሩ ጊዜ ለጥቅም የሚውለው ቢበዛ 18 ከመቶ ነው፤ ቀሪው ወይ ባዶ ያልፋል ወይ በግጭት ይባክናል። ሰዓቱን በእኩል ክፍልፋይ ቆርሶ ሁሉም በክፍልፋዩ መጀመሪያ ላይ ብቻ እንዲጀምር ሲደረግ እጥፍ ሆኖ ወደ 37 ከመቶ ደረሰ። ቀድሞ ማዳመጥ ሲጨመርበት ከዚያም ተሻለ። ያለ አስከባሪ የሚሠለፍ ሕዝብ መቶ ከመቶ ግን አይደርስም፤ ከዚያ ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው።

አሁን ወደ እትዬ የሞባይል ዳታ ልመለስ። የሞባይል ኔትወርክ ተራ አስከባሪ አለው። በአራተኛው ትውልድ ኔትወርክ ማማው በየ1 ሚሊ ሰከንዱ ማን እንደሚናገርና በየትኛው የሞገድ ክፍል እንደሚናገር ይወስናል፤ ሞገዱም በፈቃድ የተሰጠ ስለሆነ ሌላ አይገባበትም። ለዚህ ነው ከሩቅ ማማ የሚመጣው ድምፅ ከሦስት ሜትር ራውተር የሚመጣውን የበለጠው። ባር የሚያሳየው ራውተሩ ምን ያህል ጮክ ብሎ እንደሚሰማ ነው። ተራ ይደርስሃል አይደርስህም የሚለውን አያሳይም። እትዬ የገዙት ፍጥነት የሚጨምረው በራውተሩ ወዲያ ማዶ ያለውን መስመር ብቻ ነው። ወዲህ ማዶ ያለውን አየር የሚሸጥ የለም።

ከሁሉ ይበልጥ ያስደነገጠኝ ማንም ምንም ሳይልክ የሚጠፋው ጊዜ ነው። እያንዳንዱ የዋይፋይ ስም «እዚህ አለሁ» የሚል ጥሪ በሰከንድ አሥር ጊዜ ያህል ያሰማል። ብዙ የቤት ራውተሮች ይህን ጥሪ አሮጌ መሣሪያም እንዲሰማው በዝቅተኛው ፍጥነት፣ በሰከንድ 1 ሜጋ ቢት፣ ነው የሚልኩት። 250 ባይት ገደማ የሆነ ጥሪ በዚህ ፍጥነት ከመግቢያው ጋር 2.2 ሚሊ ሰከንድ ያህል አየሩን ይይዛል። በአሥር አባዙት፤ በቻናል 6 ላይ ባሉት አሥራ አራት ስሞች አባዙት። ከእያንዳንዱ ሰከንድ 300 ሚሊ ሰከንድ፣ ሲሶው ገደማ፣ በስም ጥሪ ብቻ ያልቃል። ለዚህ ነው ሪፒተር የሚያባብሰው። የራሱን ስም ይጠራል፤ ከራውተሩ የሰማውን እያንዳንዱን ፓኬት (የመረጃ ቁራጭ) ደግሞ በዚያው ቻናል ላይ እንደገና ይናገረዋል። አንድ ቃል ሁለት ተራ ይበላል።

ለምን ሁሉም 6 ላይ ተከመረ? ራውተሮቹ በአብዛኛው «አውቶ» ላይ ናቸው፤ ሲነሡ አዳምጠው የተሻለውን ይመርጣሉ ተብሎ ይታመናል። መልሱን ያገኘሁት መብራት በሄደ ቀን ነው። ማታ ሄደ፣ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ መጣ፤ እኔ ኮሪደሩ ላይ ስልኬን ይዤ ቆሜያለሁ። የመላው ብሎክ ራውተሮች በአንድ ቅጽበት ተነሡ። እያንዳንዱ ሲያዳምጥ ሌሎቹ ገና አልተናገሩም፤ አየሩ ለሁሉም ባዶ መስሎ ታየና ብዙዎቹ ከፋብሪካ የወጡበትን ቁጥር ያዙ። መብራት በሚመላለስበት ሰፈር «አውቶ» ብሎ መተው ማለት ሁሉንም በአንድ በር ማስገባት ነው። አንዳንዱ ቆይቶ ይቀይራል፤ ብዙው ግን በያዘው ይቆያል።

አሁን ወደ አምስቱ። ጎበዝ ልጆች «6 ሞልቷል፣ 3 ባዶ ነው» ብለው በእጃቸው ቀይረዋል። ሐሳባቸው ይገባኛል፤ ውጤቱ ግን ከመከመርም የከፋ ነው። በአንድ ቻናል ላይ ያሉ ሁለት ዋይፋዮች ይግባባሉ፤ የአንዱን ንግግር ሌላው ሰምቶ ይታገሣል፤ ድምፁ በጣም ደካማ፣ −82 ዲቢኤም (የሞገድ ጉልበት መለኪያ) ቢሆን እንኳ። በግማሽ የተደራረበውን ቻናል ግን መሣሪያው ሊያነበው አይችልም፤ −62 ዲቢኤም እስኪደርስ ድረስ እንደ ጫጫታ ቆጥሮት በላዩ ላይ ይናገራል። ልዩነቱ 20 ዲሲቤል፣ በኃይል መቶ እጥፍ ነው። ቻናል 3 ላይ ያለው ልጅ የ1ንም የ6ንም ሰልፍ ሳያውቀው ያፈርሳል፤ እነሱም የእሱን። ጮክ ብሎ ከሚሰማህ ጎረቤት ጋር አንድ ቻናል ላይ መሰለፍ ከእሱ ትንሽ ፈቀቅ ከማለት ይሻላል። ለሰው ለማስረዳት በጣም ያስቸገረኝ ነገር ይህ ነበር።

ይህን ሁሉ ካወቅሁ በኋላም የእትዬ ቤት ከሌሎች ለምን እንደባሰ አልገባኝም ነበር። መልሱን ያገኘሁት ምድር ቤት ነው። ባለሱቁ ግቢ በር ላይ ካሜራ ሰቅሏል፤ ካሜራው በዋይፋይ ወደ ሱቁ ራውተር ቀኑን ሙሉ ምስል ይልካል። ባለሱቁን አስፈቅጄ የራውተሩን ገጽ ስንከፍት፣ ከተገናኙት መሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ ካሜራው በሰከንድ 1 ሜጋ ቢት እየተናገረ አገኘነው። ርቀቱና ግንቡ አድክሞታል። 1500 ባይት የሆነ ፓኬት በዚህ ፍጥነት 12 ሚሊ ሰከንድ አየር ይይዛል፤ በ54 ሜጋ ቢት የሚናገር ስልክ ያንኑ ከሩብ ሚሊ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። የዋይፋይ ዕጣ ተራን እኩል ያካፍላል፤ ጊዜን አያካፍልም። በፈረንሳይዋ ከተማ በግሬኖብል የነበሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 እንዳሳዩት አንድ ዘገምተኛ መሣሪያ ፈጣኖቹን ሁሉ ወደ ራሱ ፍጥነት ይጎትታቸዋል። የባለሱቁ ካሜራ በቻናል 6 ላይ ያሉትን በሙሉ እየጎተተ ነበር።

ለእትዬ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበረው። ራውተራቸው በረንዳው መስኮት ሥር ስላለ ካሜራውን ይሰማዋል። እትዬ የሚደውሉት ከመኝታ ቤት ነው፤ ከዚያ ያለው ስልክ ካሜራውን አይሰማውም፣ ካሜራውም ስልኩን አይሰማውም። ሁለቱም አዳምጠው ጸጥታ ነው ብለው በአንድ ጊዜ ይናገራሉ፤ መሀል ላይ ያለው ራውተር ከሁለቱም ምንም አይሰማም። በግንብ አጥር ወዲያና ወዲህ የቆሙ ሁለት ሰዎች በሩ ላይ የቆመውን ሰው በአንድ ጊዜ ሲያነጋግሩት ማለት ነው። ቶባጊና ክላይንሮክ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን ችግር እ.ኤ.አ. በ1975 አጥንተው የተደበቀ ተናጋሪ ብለውታል። ዋይፋይ ለዚህ መድኃኒት አለው፦ ከመናገር በፊት «ልናገር?» ብሎ መጠየቅ፣ ተቀባዩም ሁሉም እየሰማ «ተናገር» ብሎ መፍቀድ። ፈቃድ የሚጠይቀው ከተወሰነ መጠን የሚበልጥ ፓኬት ብቻ ነው፤ እኔም በራውተሩ ላይ ይህን የፈቃድ ገደብ ከ2347 ባይት ዝቅ አድርጌ አንድ ማታ ደከምኩበት። ጥቅም አልነበረውም። ገደቡ የሚገዛው ራውተሩ የሚልከውን ነው፤ የተደበቀው ስልኩ ነበር። በዚያ ላይ ገደቡ የሚነካው ትልልቅ ፓኬቶችን ነው፤ የእትዬ ድምፅ የሚጓዘው በትንንሾቹ ነው። ይህን ቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ፤ አንድ ምሽታቸውን አቃጥያለሁ።

እሑድ የብሎኩ ስብሰባ ነበር፤ ግቢው ውስጥ፣ ቡና ተፈልቶ። ኮሚቴውን የሚመሩት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ጋሼ እንላቸዋለን። አጀንዳው የጥበቃ ክፍያና የደረጃ መብራት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ዕድል ሰጡኝ። የቻናሉን ነገር ስናገር የሁለተኛ ፎቁ ወጣት ወዲያው ተነሣ። «ወንድሜ፣ ራውተሩ የራሴ፣ ክፍያው የራሴ። ማን ነው ቻናል የሚመድብልኝ?» አለ። ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። ማይክሮ ሰከንድና ዕጣ ልነግራቸው አልሞከርኩም። ሦስት ቤቶችና ባለሱቁ ለአሥር ደቂቃ ራውተራቸውንና ካሜራውን እንዲያጠፉልኝ ለመንኩ፤ እትዬ ወደ ቤታቸው ወጥተው እንዲደውሉ ጠየቅሁ። እሑድ ስለሆነ ልጅቷ እረፍት ላይ ነበረች። ከበረንዳው የእትዬ ድምፅ እስከ ግቢው ወረደ፤ የልጅቷም ሳቅ አብሮ።

ጋሼ ስኒያቸውን አስቀምጠው እንዲህ አሉ፦ «ይኼማ የውሃው ሞተር ነው።» ሁላችንም ገባን። ውሃ የሚመጣልን በፈረቃ ነው። የዛሬ ዓመት አንዱ ቤት ከመስመሩ ላይ መምጠጫ ሞተር ገጠመ፤ ጎረቤቱ ውሃ ቢያጣ እሱም ገዛ፤ በመጨረሻ አምስት ሞተር እየጮኸ አራተኛ ፎቅ ጠብታ አልደረሰውም። ሞተሮቹ የተነቀሉት በስምምነት ነው፤ ማንም አዞ አልነበረም። ሪፒተሩ፣ ጉልበቱ እስከ መጨረሻ የተከፈተው ራውተር፣ ከ20 ወደ 40 ሜጋኸርዝ የሰፋው ቻናል፣ ሁሉም ሞተር ናቸው። እኔ በሁለት ሳምንት ያላገኘሁትን ምሳሌ እሳቸው በአንድ ስኒ ቡና አገኙት።

ያደረግነው ይህ ነው። ቻናሉን በወለል ደለደልነው፦ ምድር 1፣ አንደኛ 6፣ ሁለተኛ 11፣ ሦስተኛ እንደገና 1፣ አራተኛ 6። በአንድ ወለል ያሉት አራት ቤቶች በስሱ ብሎኬት በኩል በደንብ ስለሚደማመጡ በአንድ ቻናል ላይ ተግባብተው ይሰለፋሉ። አንዱ ቻናል ዳግመኛ የሚመጣው ሦስት ኮንክሪት ካለፈ በኋላ ነው። አውቶ ቀረ፤ መብራት ቢሄድም ቢመጣም ቁጥሩ የተጻፈ ነው። ስፋቱን ሁሉም ወደ 20 መለሰ። ራውተራቸው 5 ጊጋኸርዝ ያለው ስድስት ቤቶች ስልካቸውንና ቴሌቪዥናቸውን ወደዚያ አዛወሩ፤ ይህ ሞገድ ኮንክሪት ላይ ቶሎ ይሞታል፣ ለእኛ ደግሞ መሞቱ በረከት ነው፤ እዚያው ቤት ውስጥ ይቀራል።

ከሁሉ የበለጠ ለውጥ ያመጣ የሚመስለኝ ግን ማንም ያላየው ነው። ራውተሩ ከሚቀበላቸው ስልቶች ውስጥ ቢ የሚባለውን አሮጌውን አጥፍተን ጂ እና ኤን ብቻ ስንተው፣ የስም ጥሪው ከ1 ሜጋ ቢት ወደ 6 ይወጣል። 2.2 ሚሊ ሰከንድ የነበረው ጥሪ 0.36 ገደማ ይሆናል። በአንድ ቻናል ሰባት ስም ቢኖር ከሰከንዱ የሚወስዱት 25 ሚሊ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። አራት ራውተሮች ይህ ምርጫ በገጻቸው ላይ አልነበረም፤ እንዳሉ ቀሩ።

ሁለት ሪፒተር ተነቀለ፤ በቦታቸው በኮርኒሱ ጠርዝ በኩል ኬብል ተሳበ። የባለሱቁን ካሜራ በኬብል ለማገናኘት ሠላሳ ሜትር ያህል ኬብል አስፈለገ። ማን ይክፈል የሚለው ላይ ትንሽ ንትርክ ነበር፤ ካሜራው ግቢውን ሁሉ ነው የሚጠብቀው ተብሎ ኮሚቴው ግማሹን ቻለ። እያንዳንዱን ራውተር ስነካ ባለቤቱ ራሱ የይለፍ ቃሉን እንዲያስገባ፣ እኔም ዞር እንድል አደረግኩ። ብዙዎቹ በራውተሩ ጀርባ የተለጠፈውን የፋብሪካ ቃል ሳይቀይሩ ዓመታት ስለኖሩ ያን ጊዜ አስቀየርኳቸው። ይህን ሥራ የሚሠራ ሌላ ሰው ካለ እባክዎ ይህን አይዝለሉ፤ የሰው ቤት ቁልፍ ነው።

አዲስ ራውተር መግዛት ይፈታዋል ወይ ብለው የጠየቁኝ አሉ። ስድስተኛው ትውልድ ዋይፋይ በእርግጥ ተራ አስከባሪ አለው፤ ራውተሩ ቻናሉን ከፋፍሎ ለብዙ ስልኮች በአንድ ጊዜ ያድላል። ነገር ግን የሚያዘው በራሱ ቤት ያሉትን መሣሪያዎች ብቻ ነው። የጎረቤት ራውተር ከእሱ ጋር ያው በዕጣ ነው የሚፎካከረው። ሃያ ቤት ሃያ አስከባሪ ቢቀጥር ሰልፉ አንድ ካልሆነ አስከባሪዎቹ ይጋፋሉ። ብር ላላቸው መልካም ነው፤ የድልድሉን ቦታ ግን አይተካም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ በእትዬ ሶፋ ላይ፣ በዚያው በ2 ሰዓት ተኩል፣ ያንኑ መቶ ጥያቄ ደገምኩ። አንድ ብቻ ጠፋ። አብዛኛው ከ10 ሚሊ ሰከንድ በታች መጣ፤ ጥቂቶቹ 40 እና 50 ድረስ ወጡ። እንደ ሌሊቱ አልሆነም፤ እንዲሆንም አልጠበቅኩም። እትዬ ጥቅላቸውን ወደ ቀድሞው መለሱ፤ ድምፁ አልቀነሰም።

ያልተሳካም አለ። የሁለተኛ ፎቁ ወጣት ስብሰባው ላይ ቢስማማም ኳስ ባለበት ማታ 40 ሜጋኸርዝ ላይ ይመልሰዋል፤ ከአፑ ላይ አየዋለሁ። ሁለት ጊዜ አነጋግሬዋለሁ፤ ሦስተኛውን ለጋሼ ትቼዋለሁ። ደረጃው ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ የየወለሉ ቁጥር በትልቁ ተጽፏል፤ አዲስ ተከራይ ሲገባ ጥበቃው ወረቀቱን ያሳየዋል። ባለፈው ሳምንት የገባችው ልጅ ራሷ መጥታ «አንደኛ ፎቅ 6 ነው አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ።

የፊት ለፊቱ ብሎክ ግን በእኛ ኮሚቴ ሥር አይደለም። ከዚያ ወገን ቻናል 3 እና 9 አሁንም ይሰማሉ፤ በተለይ ወደ እኛ በሚዞሩት በረንዳዎች በኩል። መንገዱ ጠባብ ስለሆነና መሀል ላይ ኮንክሪት ስለሌለ፣ ሦስተኛ ፎቃቸው ለሦስተኛ ፎቃችን ከራሳችን አንደኛ ፎቅ ይልቅ ይቀርባል። ስለዚህ የእነሱ ድልድል የእኛው ቅጂ ሊሆን አይችልም፤ አንድ ወለል ተንሸራትቶ ከ6 መጀመር አለበት፦ ምድር 6፣ አንደኛ 11፣ ሁለተኛ 1፣ ሦስተኛ 6፣ አራተኛ 11። ሰብሳቢያቸውን ጋሼ ያውቋቸዋል፤ ድሮ አንድ ትምህርት ቤት አስተምረዋል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አብረን እንሄዳለን፤ እትዬም «እኔም እመጣለሁ፣ ስልኬን ይዤ» ብለውኛል።